መደባለቂያው ውስጥ የገባው ክንድ

ጋሽ ጓንት የሚለውን ስም ያወጡለት እናት አባቱ አይደሉም። እሱ በኃላፊነት የሚመራው የዘር መጋዘን ሠራተኞች ናቸው፤ መጀመሪያ ከኋላው እየተጠቃቀሱ፣ ኋላ ኋላ ፊት ለፊት። እሱም አልከፋውም። "ይሁን፣ ቢያንስ እኔን ስትጠሩ ጓንት ትዝ ይላችኋል" አለ። ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ስሙን የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ።

የመጋዘኑ ሥራ ሲያወሩት ቀላል ነው። ገበሬ የሚዘራውን ዘር መሬት ውስጥ ሻጋታ እንዳይበላው ቀይ ዱቄት ይቀቡታል፤ በቃ። ዘሩ በአንድ በኩል፣ ዱቄቱ በሌላ በኩል ወደ መደባለቂያው ይገባል፤ ማሽኑ ሆዱን እያዞረ ሁለቱን አሽቶ፣ ዘሩን የጥፍር ቀለም የተቀባ አስመስሎ ይተፋዋል። ቀለሙ ለጌጥ የተጨመረ እንዳይመስላችሁ። ሰው ተሳስቶ እንዳይቀቅለው፣ ዶሮ አርቢም ለዶሮዎቹ እንዳይበትነው ነው ሆን ተብሎ የቀላው።

ጋሽ ጓንት ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹን በሩ ላይ ያቆማቸውና ያንኑ ንግግር ያሰማቸዋል። "ይህ ዱቄት ሻጋታ ይገድላል። ሻጋታ ደግሞ ከእናንተ ይበልጥ ነፍሱ ጠንካራ ናት።" ከዚያ ቱታ፣ ሽርጥ፣ ቦቲ፣ መነጽር፣ ማስክ፣ ጓንት። ሲወጡ መታጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ቱታውን ከቤት ልብስ ጋር አለመቀላቀል። መደባለቂያው ቢታነቅ ማጥፋት፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ረጅም መቆስቆሻ እንጨት ከሩቅ መነካካት፤ እጅ ግን በጭራሽ። እጁ ላይ ጓንት የሌለበትን ሰው ካየ አንዲት ቃል አይጨምርም፤ ወደ በሩ ይጠቁመዋል። ያ ሰው ሳምንቱን ቤቱ ይከርማል።

ቀጮን እንኳ አልማረውም። ቀጮ ማለት እንደ ስሙ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሥራ የማይሰለቸው ልጅ ነው። አንድ ቀን አፍንጫውን ሊያክ ማስኩን ገለጥ ሲያደርግ ጋሽ ጓንት ደረሰበትና ጣቱን ወደ በሩ ቀሰረ። ያኔ ቀጮና የጋሽ ጓንት ሴት ልጅ ልብ ለልብ ከተግባቡ ቆይተው ነበር፤ አባት ሆዬ ግን ምንም አያውቅም። ሲያውቅም አልተጸጸተም። "አማቼ ቢሆን ሕጉ ያው ነው" አለ ደረቱን ነፍቶ። ልጅቷ ለሳምንት አላናገረችውም፤ እሱም ሕግ አስከባሪ ሆዱ ሰፊ መሆን አለበት ብሎ ቻለው።

እንግዲህ ጉዱ የፈላው የሁለቱ ቤተሰቦች መተዋወቂያ በተቀጠረበት ቅዳሜ ነው። ምሳው በቀጮ አባት ቤት ነው። የቀጮ አባት ወይን ጠማቂ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከወይኑና ከልጁ ሌላ ወሬ የለውም። ልጁን ለሳምንት ቤት ያስቀመጠበትን ሰውዬ ገና አልረሳውም ይባላል። ስለዚህ የጋሽ ጓንት ሚስት ከማለዳው ጀምራ ስታስጠነቅቅ ነበር። "ዛሬ አፍህን ሰብስብ። ሰውየው በቀላሉ ሆድ ይብሰዋል። የልጅህን ነገር በደህና ቀን አታበላሽ።" ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለዚህ ቀን ብላ ነጭ ሸሚዝ ሰፍታለት ነበር፤ ኮሌታው ቀጥ ያለ፣ ቁልፎቹ የሚያብረቀርቁ። "አባዬ፣ ጠብታ እንዳታሳርፍበት" አለችው።

ቅዳሜ ሥራው ግማሽ ቀን ነው። ሠራተኞቹ ሄዱ፤ ቀጮማ ፈቃድ ጠይቆ ጭራሽ አልመጣም። ጋሽ ጓንት ቱታውን አወለቀ፣ ተጣጠበ፣ ነጩን ሸሚዝ ለበሰና በመስታወቱ ራሱን አይቶ ጥሩ ሰው መሰለው። ሊወጣ ሲል የጭነት መኪናው ሹፌር ጥሩምባውን እያንጫረረ መጣ። "ጋሼ፣ አንድ ጆንያ ጎድሎብኛል፤ ሳልይዝ ብሄድ ገበሬዎቹ ይበሉኛል።"

አንድ ጆንያ ምን አላት? ዘሩ መደባለቂያው ውስጥ ገብቷል፤ ማስነሳት ብቻ ነው። አስነሳው። ማሽኑ ጥቂት ከዞረ በኋላ አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ አቃሰተና ጉሮሮው ላይ ታነቀ። እርጥበት ያገኘው ዱቄት ከዘሩ ጋር ተጋግሮ ጓል ሠርቶ መውጫውን ደፍኖታል። ጋሽ ጓንት ማሽኑን አጠፋ፤ ይህን አልረሳም። መቆስቆሻውን ሊያነሳ ወደ ግድግዳው ቢዞር ሚስማሩ ባዶውን ተገትሯል። ከማሽኑ ሥር አየ፣ ከጆንያው ኋላ አየ፤ እንጨቱ የለም። ውጭ ጥሩምባው ይጮኻል።

እንደገና ቱታ፣ እንደገና ቦቲ፣ እንደገና ማስክ ለአንዲት ጓል? ያ ሁሉ ተለብሶ፣ ያ ሁሉ ወልቆ፣ እንደገና ታጥቦ መቼ ሊደረስ ነው? ወይን ጠማቂው ምን ይላል? ሚስቱስ? ጋሽ ጓንት ግራና ቀኝ አየ። ማንም የለም። የነጩን ሸሚዝ እጅጌ እስከ ትከሻው ጠቅልሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ባዶ ክንዱን ከክርኑ በላይ መደባለቂያው ጉሮሮ ውስጥ ሰደደ።

ጓሉ ቶሎ እሺ አላለም። ሲነካካው፣ ሲፈለፍለው፣ ቆዳውን ሲያስቧጭር ቆየ። በመጨረሻ ሲፈርስ ቀይ ትቢያ ፊቱ ላይ ቦነነ፤ የሰው ትንፋሽ ደግሞ ለዘላለም አይያዝምና ስቦ አስገባው። ለሹፌሩ ጆንያውን ሰጠ፣ ክንዱን በሳሙና ፈተገ፣ ፊቱን ታጠበ፣ አፉን ተጉመጠመጠ። ሸሚዙ ላይ ጠብታ የለም። ተመስገን ብሎ በሩን ሊቆልፍ ሲል ዓይኑ ራሱ በትልልቁ ጽፎ የለጠፈው ማስጠንቀቂያ ላይ አረፈ። ከዱቄቱ ጋር የዋለ ሰው ለቀናት መጠጥ እንዳይቀምስ ይላል።

"ወይ ጉዴ" አለ ጋሽ ጓንት፣ ቁልፉን እንደያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ሰው የጠጣውን አልኮል ሰውነቱ ፈጭቶ ያስወግደዋል። የዚህ ዓይነቱ ዱቄት በትንፋሽ ወይም በቆዳ የገባበት ሰው ግን መፍጨቱ መሀል ላይ ይቆምበትና መርዙ በደሙ ውስጥ ይዞራል፤ ፊቱ ይቃጠላል፣ ልቡ ይጋልባል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ጋሽ ጓንት ይህን ለሠራተኞቹ ሲያስረዳ "ዱቄቱና መጠጥ ደመኞች ናቸው፤ የሚታኮሱት ደግሞ እናንተ ሆድ ውስጥ ነው" ይል ነበር። አሁን ታዲያ ወዴት ነው የሚሄደው? ወይን ጠማቂ ቤት!

የወይን ጠማቂው ቤት ሰፊ ሳሎን አለው፤ ጠረጴዛው ላይ መልኩና ቁመቱ የማይመሳሰል ብርጭቆ ተደርድሯል፤ ከምድር ቤቱ የሚወጣው የወይን ሽታ ራሱ ያሰክራል። ሰውየው ግዙፍ ነው፤ ሲጨብጥ እጅ ይጠፋል። ጋሽ ጓንትን አቅፎ ሳመው፤ ቂም የያዘ አይመስልም። ከምድር ቤት አንድ ማሰሮ ወይን በገዛ እጁ ተሸክሞ አመጣ። "ይህንን ልጄ የተወለደ ዕለት ነው ያስቀመጥኩት። ለዛሬ ቀን" አለና ለሁሉም ቀዳ። የጋሽ ጓንትን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላው።

"እኔ እንኳ ጥርሴን እያመመኝ..." አለ ጋሽ ጓንት።

"ግድ የለም፤ ወይኑ አይታኘክም።"

"ሐኪም ትንሽ ከልክሎኝ ነበር።"

"የቱ ሐኪም?" አለች ሚስቱ፤ ዓይኗ ፈጠጠ። "መቼ ሄደህ ነው?" ሚስት እንዲህ ናት፤ በምትፈለግበት ሰዓት ዝም አትልም።

ብርጭቆውን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ የጠጣ መሰለ። ወይን ጠማቂው ግን የዕድሜ ልክ ሥራው ሰው ሲጠጣ ማየት ነው። "ከንፈርዎ አልራሰም" አለው፣ በጨዋ ደንብ። በዚህ መሀል ቀጮና ልጅቷ ምግብ ሊያመጡ ተነሡ፤ ሁሉም ወደ እነሱ ሲዞር ጋሽ ጓንት ብርጭቆውን ከጎኑ ካለው የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ገለበጠው። እፎይ ብሎ ቀና ሲል ነው ማስቀመጫው ውስጡን የሚያሳይ ብርጭቆ መሆኑን ያየው። አበባው ላስቲክ ነው። ወይኑ ከላስቲክ አበባው ግንድ ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ቀይ መብራት ያበራል።

ወይን ጠማቂው ማስቀመጫውን አየ፣ ጋሽ ጓንትን አየ። ያ ሁሉ ግዝፈቱ ወንበሩ ላይ ሟሸሸ።

"የልጄን ወይን ለላስቲክ አበባ አጠጡልኝ" አለ ቀስ ብሎ። "እሺ። ለነገሩ እርስዎ ምን ያድርጉ? ልጄም እንዲሁ ነው። ከዓመት በፊት ጀምሮ ብርጭቆውን ከፊቱ አስቀምጦ ያየዋል እንጂ አይቀምስልኝም። ምን ሆነሃል ስለው ምንም ይለኛል። ያባቱ ሥራ ያሳፈረው ይመስለኛል። አሁን ደግሞ አማቱም..." ቀጮ ሳህን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ወለሉ አቀረቀረ።

ልጅቷ አባቷን በክንዱ ይዛ ወደ ኮሪደር አወጣችው። የያዘችው ያንኑ ክንድ ነበር። "አባዬ፣ ልጁን ካልወደድከው ንገረኝ። ፊት ለፊት ንገረኝ። ሰው ቤት መጥተህ አታዋርደኝ።" አልጮኸችም። አንጀቱን በላችው።

ሊነግራት አፉን ከፈተ። እውነቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ዛሬ ያለ ጓንት እጄን አስገባሁ። በቃ። ግን እንዴት ተደርጎ? ያ ማስኩን ስለገለጠ ብቻ ወደ ቤት የሰደደው ልጅ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሰኞ መጋዘኑ ሁሉ ይሰማል። ጋሽ ጓንት፣ ባዶ እጁን! ዓይኑን በጨው አጥቦ እንደገና "ጓንታችሁን አጥልቁ" ሊል? ሞቼ ነው ቆሜ አለ በልቡ። ደግሞስ ፈትጌ ታጥቤ የለ? አንድ ብርጭቆ ምን ያመጣል? እንዲህ የሚል ሠራተኛ ቢያገኝ ኖሮ ራሱ ነበር በጣቱ በሩን የሚያሳየው።

"ይህንን ልጅ እወደዋለሁ" አላት ለልጅቷ፤ ይህ እውነት ነበር። ተመልሶ ገባ፣ ብርጭቆውን ራሱ ሞላ፣ "ለልጆቻችን!" ብሎ በአንዴ ጨለጠው። ወይን ጠማቂው ፊቱ በራ። ሚስቱም ተነፈሰች። ወይኑ፣ እውነት ለመናገር፣ ግሩም ነበር።

ጨዋታው ደራ፤ ለትንሽ ጊዜ። ጋሽ ጓንት ሥጋውን ቆርጦ ሳይጎርስ ጆሮው ጋለ። ከዚያ አንገቱ፣ ከዚያ ደረቱ። ከነጩ ኮሌታ በላይ ያለው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ልቡ ከውስጥ ሆኖ በቡጢ የሚደበድበው ያህል ይመታል። ውጪ ልወጣ ነው ብሎ ሲነሣ እግሩ ከዳውና የጠረጴዛውን ጨርቅ እንደያዘ ከነሳህኑ ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

"ምን አጠጣኸው?" ብላ ሚስቱ ወይን ጠማቂው ላይ ጮኸች። ሰውየው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። "እኔ? ምን አጠጣሁት? ሁላችን የጠጣነውን ነው እኮ!" ማሰሮውን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ አፉ እያንቆረቆረ ጠጣ፣ አገጩ እስኪቀላ። "ይኸው! ይኸው እየጠጣሁ ነው! መርዝ ከሆነ እኔም ልሙት!"

"ቂምህን ነው የተወጣኸው" አለች ሚስት፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ። "ልጄን ለሳምንት አስቀመጠብኝ ብለህ!"

ጋሽ ጓንት ይህን ሁሉ ይሰማል። ጣሪያው ቢሽከረከርም ጆሮው ደህና ነበር። አንድ ነገር ልናዘዝልሽ ብሎ ኋላ ለሚስቱ እንደነገራት፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ወይኑ ነው ተብሎ ቢታለፍ፣ የእሱ ክንድ ጉዳይ ከእሱ ጋር ተቀበረ ማለት ነው። እንዲህ እያሰበ ሳለ ነው ወይን ጠማቂው ሽቶ ይዞ ደረቱን ሊያሸው የጎነበሰው።

"አልኮል አይንካው!" አለ ቀጮ። ያ አፉን ሲከፍት የማይሰማ ልጅ የአባቱን እጅ ጠምዝዞ ሽቶውን ነጠቀው። "ሽቶም አልኮል ነው፣ ያባብስበታል። እግሩን ወደ ላይ ያዙት። ኮሌታውን ፍቱለት። አባዬ፣ መኪናህን አውጣ።" ከዚያ ወደ ጋሽ ጓንት ጆሮ ጠጋ አለ። "ጋሼ፣ ዛሬ ዱቄቱን ነክተዋል አይደል?"

ሁሉም ሰምተዋል። ጋሽ ጓንት የልጅቷን እግር አየ፤ ቆማ ነበር፣ ጫማዋ ከጎኑ ነው። ከዚያ ግዙፉን ሰውዬ አየ፤ እንባው ጺሙ ላይ ደርሷል፣ ማሰሮውን እንደ ሕፃን ታቅፏል።

"ወይኑ ምንም የለበትም" አለ። "እጄን መደባለቂያው ውስጥ አስገብቻለሁ። ያለ ጓንት። ያለ ምንም።" ከዚያ አስመለሰው፤ ነጩ ሸሚዝ ላይ።

ክሊኒኩ ቅርብ ነበር። ነርሷ የደም ግፊቱ ክፉኛ መውረዱን አይታ ጉሉኮስ ተከለችለትና ምን እንደነካው፣ መቼ እንደነካው፣ ምን ያህል እንደጠጣ ጠየቀች። መልሱን የሰጣት ቀጮ ነው፤ የዱቄቱን ዓይነት፣ ምን ሊከተል እንደሚችል፣ ለምን ያህል ጊዜ ከመጠጥ መራቅ እንዳለበት አንድ በአንድ። ነርሷ የልብ ምቱን እያየች "ቶሎ አምጥታችሁታል፤ ይሻለዋል" አለችና ወጣች።

ሁሉም አልጋውን ከበው ቆሙ። ወይን ጠማቂው መጀመሪያ ተናገረ። "አንተ ሰው፣ ወይኔን ልታስረግምብኝ ነበር እኮ።" አንቱታውን እዚያው ሳሎን ጥሎት መጥቷል። ቀጥሎ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሚስትየዋም ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ሳቁ ይዟት ሄደ። ጋሽ ጓንት ራሱ ጉሉኮሱ እየተንጠለጠለ ሳቀ። የከፋው አልፏል ብሎ ነበር።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ቀጮን ነበር የምታየው። "አንተ ይህን ሁሉ እንዴት አወቅክ?"

"ጋሼ አስተምረውናል።"

"ሽቶ እንደሚያባብስም?"

ቀጮ ካፖርቱን አወለቀ፣ መልሶ ለበሰው። "ባለፈው ዓመት፣ ዘር በሚበዛበት ወቅት፣ አባዬ አዲሱን ወይን አስቀመሰኝ። ጓሮ ወጥቼ ወደቅኩ። ላብ ሲያሰምጠኝ ፊቴን በሽቶ ጠረግሁ፤ የባሰ ሆነ። የሞትኩ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠጣም።"

"ታዲያ ለእኔ አትነግረኝም?" አለ አባቱ። "እኔኮ የናቅከኝ መስሎኝ..."

"ብነግርህ ለጋሼ ትነግራለህ። ጋሼ ወደ ቤት ይሰዱኛል።"

ጋሽ ጓንት ትራሱ ላይ ቀና አለ። "ቆይ፣ አንተ ዱቄቱ እንዴት ነካህ? ጓንት አለህ፤ መቆስቆሻ አለ።"

"መቆስቆሻው ከተሰበረ ቆየ እኮ ጋሼ። የሰበረው ሰው እንዳይሰደድ ብለን ሚስማሩ ላይ ሽርጥ እየሰቀልን ተደባበቅን። መደባለቂያው ደግሞ በየቀኑ ነው የሚታነቀው። ጓንቱ ወፍራም ነው፤ ጉሮሮው ውስጥ አይገባም። አውልቀን በየተራ እጃችንን እናስገባለን።"

"በየቀኑ? እኔ በየቀኑ እዞራለሁ! አንድ ቀን እንኳ ታንቆ አላየሁትም።"

"እርስዎ ሲመጡ እትዬ ትስላለች" አለ ቀጮ ዓይኑን ሳያነሣ። "እሷ ስትስል ጓንታችንን እናጠልቃለን።"

ጋሽ ጓንት የእትዬን ሳል ያውቃታል። እትዬ የመጋዘኑ ትልቅ ሴት ናት፤ በር አጠገብ ተቀምጣ ጆንያ ትሰፋለች። ሳሏ አሳስቦት ማር ገዝቶ ሰጥቷታል። ስንት ጊዜ ነው በሩን ከፍቶ፣ ሳሏን ሰምቶ፣ የተሰለፉ ጓንቶች አይቶ በኩራት ያበጠው! ሕግ ያከበረ መጋዘን ነበር የሚመስለው። ለካ ሕጉ የሚከበረው እሱ በሩን ከፍቶ እስኪዘጋው ድረስ ብቻ ኖሯል። ዱቄቱን ሠራተኞቹ ሰውነት ውስጥ ሲያስገባው የነበረው የገዛ ጣቱ ነው፣ ያቺ ወደ በሩ የምትቀሰረው።

ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "አንተ አፍረህ ልትሞት ነበር" አለች ለአባቷ። ወደ ቀጮ ዞረች። "አንተ ደግሞ እሱን ፈርተህ። እኔን ማን አሰበኝ? አንዱን ስቀብር ሌላውን ላስታምም ነው የፈለጋችሁት? ይህን ነገር ሳታስተካክሉ ሰርግ የሚባል የለም። ሁለታችሁም ስሙኝ፤ የለም።" ከዚያ አለቀሰች። ወይን ጠማቂውም አብሯት አለቀሰ፤ እሱ ሰበብ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ጓንት እንደ ልማዱ ሠራተኞቹን በሩ ላይ አቆመ። ፊቱ ገርጥቷል። ወሬው ቀድሞት ገብቷል፤ አንዱ ሌላውን በክርኑ ይጎሽማል፣ ሳቁን የሚውጥ አለ። እሱ ንግግሩን አልጀመረም። ጓንቱን አውልቆ ኪሱ ከተተ፣ የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ፣ መደባለቂያው የቧጨረውን ክንዱን አሳያቸው።

"ቅዳሜ ይህን አስገባሁት" አለ። "ቸኩዬ። መቆስቆሻ አጥቼ። ስታደርጉት ባያችሁ የምሰዳችሁን ነገር አደረግሁ፤ ማንም አላየኝምና ደበቅሁ። ልሞት ምንም አልቀረኝም ነበር። ዛሬ መደባለቂያው አይነሣም። መውጫውን የሚያሰፋ ሠራተኛ ጠርቻለሁ፤ እሱ እስኪመጣ ሥራ የለም። ማንም ወደ ቤት አይሰደድም፤ ዛሬም፣ ከዛሬ በኋላም። እናንተ ብቻ ንገሩኝ። የምታውቁትን፣ እኔ የማላውቀውን።"

ማንም አልተነፈሰም። ሰው እንዲህ በቀላሉ ያምናል እንዴ? አንዱ ቦቲውን አየ፣ አንዱ ጣሪያውን። ቀጮ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጋሽ ጓንት ግን አማቹ እንዲያድነው አልፈለገምና ዓይኑን ከሱ ላይ አነሣ። ቆመ። ዝምታውን መቻል ከጉሉኮሱ መርፌ የባሰ ሆነበት። ጣቱ ልማዱ ነውና ልትቀሰር ስትነሣ ያዛት።

"እንግዲህ እኔ አርጅቻለሁ፤ ብትሰደኝም ግድ የለም" አለች እትዬ፣ መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰክታ። "ያ የሰጠኸኝ ማስክ ፊቴ ላይ አይገጥምም። ለወንድ ፊት ነው የተሠራው፤ በአገጬ ሥር ዱቄቱ ሽው እያለ ይገባል። ማሩን ስታመጣልኝ አፈርኩ፤ ያኔ ሳሌ የውሸት ነበር። አሁን ግን ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት አያስተኛኝም።"

ጋሽ ጓንት አፉን ከፈተ። የማስኩ ማሰሪያ ከጆሮ በላይ መጥበቅ እንዳለበት፣ ይህንንም ስንት ጊዜ እንዳስተማረ ሊናገር ነበር፤ ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አልደበቀውም።

"ዛሬውኑ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ" አላት። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረ። "ሌላስ?"

ሌላም ነበረ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ነበረ።